ከሶፋ ጀርባ የመጣ ምርቃት

አምኃ ሳይጸየፍ የጀመረው ሥራ የለም። ካዛንቺስ ውስጥ ሬዲዮ ወይም ቴፕ ያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የዕቃውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ መጀመሪያ አፍንጫው ይጨማደዳል፤ ቀጥሎ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጁ መፍቻ የሚፈልገው። አቧራውንስ ይሁን ይለዋል፤ የደረቀ በረሮም አይቶ ያውቃል። የሚያንገሸግሸው ከእሱ በፊት የገባበት ሰው የእጅ ሥራ ነው። ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ አለ። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስ አለ። ሁለት ሽቦ አጠማዝዞ ጥቁር ናስትሮ እንደ ቁስል ፋሻ የሚጠመጥምበት አለ፤ አምኃ ከሁሉም አብልጦ የሚጠላው እሱን ነው። «ይኼን የሠራ ሰው በዚሁ እጁ ነው ምግብ የሚበላው?» ይላል፣ የዕቃው ባለቤት የሠራው ይመስል ፊት ለፊት እያየው።

ሰው ግን ይታገሠዋል። ምላሱ ቢመርም እጁ ንጹሕ ነው። የእሱ ብየዳ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፣ አይጎድልም፤ ሽቦው እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ሬዲዮ፣ የጠላ ቤቱ ቴፕ፣ የለቅሶ ቤቱ ድምፅ ማጉያ በእሱ እጅ አልፏል። ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ የሚንቀራፈፍ ካሴት ሰምቶ፣ ዕቃውን ሳይነካ «የሞተሩ ላስቲክ ላልቷል» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። «የካዛንቺስ ጆሮ» ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የካዛንቺስ ጆሮ የሚሰማ ጆሮው አንድ ብቻ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ለቀበሌ ስብሰባ ድምፅ ማጉያ ሊሰቅል መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አፉ የሰፋውን ቆርቆሮ በግራ ትከሻው ተሸክሞ ሳለ፣ ታች የቆመው ጓደኛው «እስቲ እንሞክረው» ብሎ ከፈተው። ግራ ጆሮው ሁለት ሳምንት ሲጮህ ከረመ፤ ከዚያ ዝም አለ። እንዳለ ቀረ። አምኃ ይህን ከሚስቱ ከዘሪቱ በቀር ለማንም አልተናገረም።

ሬዲዮ ለመጠገን አንድ ጆሮ ይበቃል። ግራ ጆሮው ሲሞት የጠፋበት ድምፁ ሳይሆን ድምፁ የሚመጣበት ቦታ ነው። መንገድ ላይ «አምኃ» ብሎ የጠራው ሰው ከፊቱ ይሁን ከኋላው፣ ከቀኙ ይሁን ከግራው አይለይም፤ ስለዚህ ያልሰማ መስሎ ይሄዳል። ሰው «ኩሩ ነው» ይላል። ይበል። ኩሩ የተባለ የድምፅ ሠራተኛ ሥራ ያገኛል፤ ደንቆሮ ለተባለ የድምፅ ሠራተኛ ግን በሩን የሚከፍትለት ማን ነው? አምኃ ከስሙ በቀር ያለው አንዲት ጠባብ የቀበሌ ሱቅና የመፍቻ ሣጥን ነው። ስሙ የሄደ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን እንደማያኖሩት ያውቃል።

ካሴት ሞቶ ቴፕ የሚያሠራ ሲጠፋ ደግሞ ሰራውንድ የሚሉት መጣ። ለልጆች ትምህርት ተብሎ የተገዛው ኮምፒውተር ቀን ቀን ዳንቴል ለብሶ ይውላል፣ ማታ ፊልም ያሳያል፤ ለፊልሙ የሚሆን ድምፅ ደግሞ ከዱባይ በካርቶን ይመጣል። አምስት ትንንሽ ሳጥን፣ አንድ ትልቅ። ሁለቱ ትንንሾች ከፊት ግራና ቀኝ፣ አንዱ መሀል ከስክሪኑ ሥር፣ ሁለቱ ከተቀመጠው ሰው ጀርባ፣ ትልቁ መሬት ላይ። ሰው ሲናገር ከመሀሉ ይሰማል፤ እልልታውና ጭብጨባው ከኋላ ይመጣል። ተመልካቹ ድግሱ መሀል የተቀመጠ ይመስለዋል። አሠራሩ ይኼው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የሰፈሩ እመቤቶች ግን ዕቃ የሚገዙት እንዲታይ ነው። አምስቱንም ሳጥን ቡፌው ላይ ከብርጭቆው ጎን ይደረድሯቸዋል፤ ላስቲኩ አይላቀቅም፤ በላዩ ደግሞ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ጣል ይደረግበታል። አምኃ ይህን ሲያይ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ያነሳዋል። «እመቤቴ፣ አፉን በጨርቅ አፍነው ዝፈን ይሉታል?» ይላል። «ታዲያ ከሶፋ ጀርባ ከተቀመጠ ማን ያየዋል?» ይሉታል። አምኃ ተሳድቦ፣ ተቆጥቶ፣ አንዳንዴም ሣጥኑን ዘግቶ ልሂድ ብሎ ሁለቱን ሳጥኖች ከሶፋ ጀርባ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ጉዳይ ማንም አሸንፎት አያውቅም።

የከበደው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ነው። ከሳጥኖቹ የሚመጡት ሦስት ሽቦዎች ጫፋቸው አረንጓዴ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ነው። የኮምፒውተሩ ቀዳዳዎች ደግሞ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ ናቸው። አረንጓዴው የመሰሉን ያገኛል። ጥቁሩ የኋላዎቹን ሳጥኖች፣ ብርቱካናማው የመሀሉን ይመራል፤ ሁለቱ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደሚገቡ ግን እንደ ማሽኑ ይለያያል። ሁለት ጆሮ ያለው ሰው አንዴ ከፍቶ ያዳምጣል፤ ካልሆነ ያቀያይራቸዋል፤ በቃ፣ አለቀ። አምኃ የመጀመሪያውን ሰራውንድ ያገናኘው ወሎ ሰፈር አንድ ነጋዴ ቤት ነበር። ነጋዴው መመሪያውን ገልጦ «ጥቁሩ ሮዙ ውስጥ፣ ብርቱካኑ ሰማያዊው ውስጥ» ብሎ አነበበለት፤ አምኃም በደብተሩ ጻፈው። ያ ማሽን እንደዚያ ነበር። ሌላው ሁሉ እንደዚያ መሆኑን የሚነግረው ጆሮ ስላልነበረው ደብተሩን አምኖ ኖረ።

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ጆሮውን ለጥፎ ቢያዳምጥ ይደርስበት ነበር። በሰው ፊት ተጎንብሶ ቀኝ ጆሮውን ሳጥን ላይ ሊለጥፍ? ሞቶ ነው። ከዚህ ይልቅ ሥራውን ሲጨርስ መሰኪያዎቹን በሙጫ ያትማቸዋል፤ «እኔ ያሰርኩትን ማንም እንዳይነካ» ይላል፤ ከዚያ ወገቡን ይዞ ቆሞ የቤቱን ሰው ይጠይቃል።

«ከኋላ ይሰማል?»

«ኧረ በጣም።»

«መሀሉስ?»

«በጣም ጥሩ ነው፤ እጅህን ይባርከው።»

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ እግዜር ይቁጠረው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ የለፋን ሰው፣ ያውም ቁጡውን አምኃን፣ «የተዋናዩ ድምፅ ከማጅራቴ ነው የሚመጣው» ብሎ የሚያሳፍር አንጀት ያለው ሰው ካዛንቺስ አልተፈጠረባትም። ጥሩ ነው ይሉታል፤ ሻይ ያጠጡታል፤ እስከ በር ይሸኙታል።

አምኃ የመጀመሪያውን ናስትሮ ያየው በ1999 ዓ.ም. ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላል፤ ለዚሁ ጥገና ከዚህ በፊት ሰራውንድ ወደ ገጠመበት ቤት ተጠርቶ ሄደ። ቡፌውን ሳብ አድርጎ ወደ ጀርባው ሲያጎነብስ ያየው ነገር ምራቁን አስዋጠው። ሙጫው እንደታተመ ነው። ሽቦዎቹ ግን መንገድ ላይ ተቆርጠዋል። ጥቁሩ ከብርቱካኑ፣ ብርቱካኑ ከጥቁሩ ተጋብተው፣ በላያቸው ላይ ያ የሚጠላው ናስትሮ ተጠምጥሞባቸዋል። በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ክንዱን ዘርግቶ አየው።

«ማን ነው ይኼን ያደረገ?»

የቤቱ ሰዎች ተያዩ። «እኛ እንጃ» አሉ።

አምኃ ናስትሮውን ቀደደ። ጥቁሩን ከጥቁሩ፣ ብርቱካኑን ከብርቱካኑ በይዶ፣ ሽቦው ተቆርጦ እንደነበር እስከማይታወቅ አሳምሮ መለሰው። «አሁንስ?» አለ። «በጣም ጥሩ ነው» አሉ። ሦስት ወር ሳይቆይ ያው ቤት ለሌላ ሥራ ገብቶ ወደ ቡፌው ጀርባ ዓይኑን ጣል ቢያደርግ፣ ናስትሮው ተመልሶ መጥቷል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት ቆጠረ። ባምቢስ ሁለት፣ ካዛንቺስ አራት፣ ጎተራ አንድ። ሁሉም እሱ የሠራባቸው ቤቶች ናቸው፤ ሁሉም ቦታ ሙጫው ደኅና ነው፤ ሁሉም ቦታ ያው ቁስል ፋሻ ታስሯል። አምኃ አንድ ነገር ብቻ ነው የታየው። ስሙን ሊያጠፋ ቆርጦ የተነሳ ሰው እግር በእግር እየተከተለ ሥራውን ያበላሽበታል። ምግብ አልበላ አለው። ማታ ማታ ለዘሪቱ እሱኑ ያወራላታል።

«ሌባ ቢሆን ዕቃውን ይዞ ይሄድ ነበር» ይላል። «ይኼ ግን እበት ጥሎ የሚሄድ ነው። ቀለም እንኳን አይለይም እኮ። ጥቁርን ከብርቱካን ያጋባል።»

«ምናልባት ባለቤቶቹ አስጠርተውት ይሆናል» ትላለች ዘሪቱ።

«ለምን ብለው?»

ዘሪቱ ሳህኑን ታነሳለች። «እኔ ምን አውቄ» ትላለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ከፊሮምሳ ጋር ተቀመጡ። ፊሮምሳ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ባምቢስ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። አምኃ ስለ ናስትሮው አነሳ፤ ሻይ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ሰደበው። እጁ ይቆረጥ አለ። የሙያ ቆሻሻ አለ። ፊሮምሳ የሻይ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ሰማ፤ የዚያን ቀን ቀልድ አልመጣለትም።

«ጋሼ፣ ማለቴ... ምናልባት ሰውዬው ሙጫውን ላለመንካት ብሎ ይሆናል መሀሉን የቆረጠው» አለ በመጨረሻ።

«ሙጫዬን ፈርቶ?»

«አክብሮት።»

«ድንቄም አክብሮት» አለ አምኃ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ወይዘሮ መብርሂት የአምኃ የካዛንቺስ ጎረቤት የነበሩ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ጎተራ ሦስተኛ ፎቅ የገቡ ሴት ናቸው። ሴት ልጃቸው አርያም በጥር ተድራ ከባሏ ጋር መቀሌ ሄዳለች። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት፣ የሙሽራው አባት አቶ ዘርአይ ዘመዶቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ መጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ መብርሂት ቤት ምሳ በልተው የሠርጉን ቪዲዮ አብረው ሊያዩ ነው። ሐሙስ ዕለት መብራት በኃይል ተመልሶ አምኃ የገጠመላቸውን ሰራውንድ ዝም አሰኘው። ወይዘሮ መብርሂት መጀመሪያ ወደ ሌላ ሠራተኛ ደውለው አጡት፤ ክፍለ ሀገር ሄዷል ተባሉ። ቅዳሜ ጠዋት አምኃን ጠሩት።

አምኃ ትልቁን ሳጥን ፈታው፤ የተቃጠለውን አግኝቶ ለወጠ፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ከሳጥኖቹ ድምፅ ወጣ። ሽቦውን ላስተካክል ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ናስትሮውን አገኘው። ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«እዚህም መጥቷል» አለ።

«ማን?» አሉ ወይዘሮ መብርሂት፣ ያወቁ ግን ይመስላል።

«ይኼ ቆሻሻ። ማን ነው እትዬ? ይንገሩኝ፤ ዛሬ ስሙን እፈልጋለሁ።»

«ልጆች ነካክተውት ይሆናል።»

«ልጅ ሽቦ ቆርጦ አያጋባም።»

ወይዘሮ መብርሂት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «አምኃ፣ ተወው በቃ። ይሰማ የለም እንዴ? እንደነበረ ይሁን። ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ አትንካው» አሉ፤ ልመና የሚመስል ነገር ነበረው አነጋገራቸው።

«እንግዳ ስላለብዎትማ ነው የምነካው» አለ አምኃ። «እኔ በገባሁበት ቤት ይኼ ታስሮ እንግዳ አይገባም።»

ናስትሮውን ቀዶ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረው፤ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ተመልሶ ጥቁሩን ከጥቁሩ፣ ብርቱካኑን ከብርቱካኑ በየደ። እንደዚያ ቀን ያማረ ብየዳ ሠርቶ አያውቅም። ወይዘሮ መብርሂት እጃቸውን አጣምረው ቆመው አዩት። ሊጠይቃቸው ቀና ሲል፣ አፉን ሳይከፍት፣ «በጣም ጥሩ ነው» አሉት። ከዚያ ምሳ ሳይበላ እንደማይሄድ አስማሉት።

እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ከሃያ የማያንስ ሰው ያችን ሳሎን ሞላት። አቶ ዘርአይ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሰው ናቸው፤ እንደ ትልቅ እንግዳነታቸው ትልቁ ሶፋ መሀል ተቀመጡ። ተበላ፣ ተጠጣ። አምኃ ድምፁን ለመቆጣጠር ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመ፤ ፊቱ ወደ ሰው ነው። ቪዲዮው ተጀመረ፤ የመኪናው ሰልፍ፣ እልልታው፣ ጭፈራው አለፈ። ሰው ይስቃል፣ ራሱን ፈልጎ ሲያገኝ ይደሰታል። አምኃም ሥራው ሲወደስ እንደሚያደርገው አገጩን ቀና አድርጎ ነበር።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ አቶ ዘርአይ ተነሱ። ሙሽሮቹን ሊመርቁ ነው።

አፋቸው ሲከፈት፣ ሳሎኑ ውስጥ ካሉት ሰዎች ግማሹ ዘወር ብሎ ወደ ሶፋው ጀርባ አየ።

አምኃ መጀመሪያ አልገባውም። ሰው የገባ መስሎት በሩን አየ፤ በሩ ዝግ ነው። እንግዶቹ አንገታቸውን መለሱ። አቶ ዘርአይ ስክሪኑ ላይ ቀጠሉ፤ ሰዎቹ አሁንም ዘወር አሉ። ዘወር ያላሉት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ወይዘሮ መብርሂት፣ እህታቸው፣ የደረጃው ጎረቤት ሁሉ፣ አንገታቸው የደረቀ ይመስል ፊት ለፊታቸውን ያያሉ።

አቶ ዘርአይ ይሉኝታ የሚባለውን ትምህርት አልተማሩም። በመቀመጫቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ዞረው ከጀርባቸው ያለችውን ትንሽ ሳጥን አዩ፤ ከዚያ ስክሪኑን አዩ።

«ይቅርታ» አሉ፤ «እኔ እዚያ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ድምፄ ከጀርባዬ ምን ይሠራል?»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው።

«ሰራውንድ ነዋ አቶ ዘርአይ» አሉ ወይዘሮ መብርሂት ቶሎ ብለው። «አዲሱ እንደዚህ ነው። ዙሪያውን ነው።»

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ እህታቸው።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ ጎረቤቱ።

ያኔ ነው የገባው። ጥቁሩ ወደ ብርቱካኑ ቦታ፣ ብርቱካኑ ወደ ጥቁሩ ቦታ መሄድ ነበረበት። ናስትሮው የእሱን ስህተት የሚያቃናለት ነበር። ሙጫውን ያልነካው፣ መሀሉን የቆረጠው፣ አምኃ እንዳያውቅና እንዳያፍር ነው፤ «አክብሮት» ያለውም ፊሮምሳ ነው፤ ሻይ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ቆሻሻ ሲባል ብርጭቆውን ያሽከረከረውም እሱ ነው። አምኃ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ የተቃናውን አጣሞ፣ በሚያምር ብየዳ አጣሞ፣ ሻይ ጠጥቶ ወጥቷል። ሰባት ቤት ያለው ያየውን ነው፤ ያላየው ስንት ነው? የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት ከእሱ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ የሚያርረው ይሸታታል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲጸየፍ ኖሮ፣ አሁን የገዛ እጁን ሲያይ አቅለሸለሸው።

የበለጠ ያንገሸገሸው ግን ያ «ጥሩ ነው» ነው። ሥራው ሲበላሽ ጥሩ ነው ብለውታል፤ ከሄደ በኋላ ሰው ጠርተው አሠርተዋል፤ ሲመለስና ሲሳደብ አብረውት ከንፈራቸውን መጠዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ «አምኃ፣ ተሳስተሃል» ቢለው ምን ነበረበት? ይህን ያህል የተዘነለት ሰው የሞተ ብቻ ነው።

ቪዲዮውን አቆመ። «አንድ ደቂቃ» አለ። ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የጠዋቱን ብየዳ በመቁረጫ ቆረጠው። ጥቁሩን ከብርቱካኑ፣ ብርቱካኑን ከጥቁሩ አጠማዘዘ። መበየጃው እስኪግል አልጠበቀም። ሣጥኑ ውስጥ፣ ለሌላ ሥራ የያዘው አንድ ጥቅል ናስትሮ ነበር፤ እሱን ጠመጠመበት፤ ወፍራም፣ ጠማማ፣ አስቀያሚ ሆነ። ወጥቶ ቪዲዮውን ከምርቃቱ መጀመሪያ አስነሳው።

«አሁንስ?» አለ።

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ያው ቃል፣ ያው ፈገግታ። ከቅድሙ የሚለየው ምኑ ነው? አምኃ ማንንም አላመነም፤ ወደ አቶ ዘርአይ ብቻ አየ። እዚያ ቤት ውስጥ ያሉት አንድ ሐቀኛ ሰው እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ መብርሂት ወደ አቶ ዘርአይ ጆሮ አጎንብሰው ነበር፤ አምኃ ሲያያቸው ቀና አሉ። የአቶ ዘርአይ ፊት ከቅድሙ ሌላ ሆነ፤ በሽተኛ የሚጠይቁ ይመስላሉ። አምኃን ትክ ብለው አይተው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለዩ፣ ከንፈራቸውን እያሳዩት፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«በጣም። ጥሩ። ነው። ወንድሜ።»

ሃያ አራት ዓመት የደበቀው ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ኖሯል፤ ከመቀሌ የመጣው እንግዳ ብቻ ነበር የቀረው፣ አሁን ለእሱም ተነገረው። የቀረ የሚደበቅ ነገር የለም። ሽቦው ልክ ይሁን አይሁን ግን አምኃ አሁንም አያውቅም፤ እውነቱን የሚነግረው ሰውም ከእንግዲህ አያገኝም።

ወደ ትልቁ ሶፋ ጀርባ ሄደ። በእንግዶቹ ጫማና በግድግዳው መሀል ተንበረከከና ቀኝ ጆሮውን የኋላዋ ሳጥን ላይ ለጠፈ። እልልታ ሰማ፣ የሩቅ ጭብጨባ ሰማ፤ የሰው ንግግር የለበትም። ተነሳ፤ በሰዎቹ ጉልበት መሀል አልፎ ስክሪኑ ሥር ድጋሚ ተንበረከከ፤ ቀኝ ጆሮውን የመሀሉ ሳጥን ላይ አደረገ። አቶ ዘርአይ ጥርት ብለው ይመርቃሉ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ አርጁ ይላሉ። እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ልክ ነው» አለ ለራሱ፤ ከዚያ ጆሮውን ከሳጥኑ ሳያነሳ ዓይኑን ወደ ሰዎቹ መለሰ።

አንዱ መስኮቱን ያያል። አንዷ የዳንቴሉን ጫፍ ታስተካክላለች። አቶ ዘርአይ ብርጭቋቸውን አተኩረው ይመለከታሉ፤ ወይዘሮ መብርሂት ሳህን ሊያነሱ ጎንበስ ብለዋል። ከሃያ የማያንስ ሰው ተቀምጧል፤ አምኃ ሲንበረከክ አየሁ የሚል ግን አንድም ሰው አልነበረም።